በሁለተኛ ዲግሪ የዕቃና አገልግሎት ታክስ ሕግን ለማጥናት ያሰበ ሰው ከየት ይጀምር?

የሂርማታዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የጅማ ከተማ ነዋሪ ነኝ። በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ በኋላ ላለፉት 6 ዓመታት በአንድ የንግድ ድርጅት የሕግ ክፍል በባለሙያነት ሠርቻለሁ። ዘንድሮ የንግድ ሕግ ሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የጀመርኩ ሲሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕሴን በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት መግቢያ ላይ ማስመዝገብ ይጠበቅብኛል። በተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ ላይ ለመጻፍ ቁርጥ ውሳኔ ላይ ደርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንድ እርምጃ እንኳ መራመድ አልቻልኩም።

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በአንዲት ደረሰኝ ሰበብ ነው። ድርጅታችን መጋዘን ለማስፋፋት ብረት ገዝቶ ነበር። ደረሰኙ ሲመረመር የገዢው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ስላልሰፈረበት፣ የከፈልነው ታክስ እንዲቀናነስልን ያቀረብነው ጥያቄ ውድቅ ተደረገ። ብረቱ በመጋዘኑ ጣሪያ ላይ ይታያል፣ ገንዘቡ በባንክ ተላልፏል፣ ሻጩም ታክሱን ለመንግሥት ገቢ አድርጓል፤ እኛ ግን ሁለት መስመር ጽሑፍ በመጉደሉ ከኪሳችን እንደከፈልን ቀረን። አቤቱታውን ያረቀቅሁት እኔ ነበርኩ፤ እያረቀቅሁ ሳለሁም ሕጉ ለአንዲት ወረቀት ይህን ያህል ክብደት የሚሰጥበትን ምክንያት በቅጡ እንደማላውቅ ተረዳሁ። በመጀመሪያ ዲግሪ የታክስ ሕግን ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የወሰደው የገቢ ግብር ነበር፤ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተረፉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም በፈተና ጥድፊያ ያለቁ ናቸው።

አሁን የሚያስቸግሩኝ ጉዳዮች ሦስት ናቸው። በመጀመሪያ፣ የሕንድ፣ የአውስትራሊያ፣ የካናዳና የኒውዚላንድ ጽሑፎች ስለ «ዕቃና አገልግሎት ታክስ» ሲናገሩ የእኛ አዋጅ «ተጨማሪ እሴት ታክስ» ይላል፤ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ታክሶች ናቸው ወይስ አንድ ታክስ በሁለት ስም? የእነርሱን ጽሑፍ ለእኛ ሕግ መጠቀምስ ይቻላል? ሁለተኛ፣ ከሒሳብ ትምህርት ከተለያየሁ ዓመታት አልፈዋል፤ የሒሳብ አያያዝ ሳያውቁ በዚህ መስክ በድህረ ምረቃ ደረጃ መጻፍ ያዋጣል? ሦስተኛ፣ በልቤ የያዝኩት ርዕስ የሕንድንና የኢትዮጵያን ሕግ ማነጻጸር ነበር፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን «የሁለት አገር ሕግ ጎን ለጎን መገልበጥ ይሆንብሻል» ብሎ አስፈራራኝ። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብታማክሩኝ በታላቅ አክብሮት እቀበላለሁ።

ጡረተኛው ኦዲተር

ልጄ፣ በዕድሜ እንደምበልጥሽ ስለገመትኩ አንቺ ማለቴን አትቀየሚኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የታክስ ኦዲተር ነበርኩ፤ አሁን ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ተቀምጬ ለጥቂት ነጋዴዎች ሒሳብ እሠራለሁ። የምነግርሽ ከጠረጴዛው ማዶና ወዲህ ሆኜ ያየሁትን ነው።

ከሁለተኛው ጥያቄሽ እጀምራለሁ፤ እርሱ ከተፈታ የመጀመሪያው ራሱን ይፈታልና። ለዚህ ሕግ የሚያስፈልገው ሒሳብ መደመር፣ መቀነስና መቶኛ ነው፤ ነገር ግን እርሷን ሳይፈሩ በእጅ መሥራት ያስፈልጋል። በከተማችን በሚታወቀው የእንጨት ሥራ እናስላው። እንጨት ሻጭ ለአናጢ የ100,000 ብር እንጨት ሸጠ እንበል፤ 15,000 ብር ታክስ ጨምሮ 115,000 ይቀበላል፣ 15,000ውንም ለመንግሥት ያስገባል። አናጢው በርጩማና ጠረጴዛ ሠርቶ ለመደብር በ160,000 ይሸጣል፤ 24,000 ብር ታክስ ይሰበስባል፣ ቀድሞ የከፈለውን 15,000 ቀንሶ 9,000 ብቻ ያስገባል። መደብሩ በ200,000 ይሸጣል፤ 30,000 ሰብስቦ 24,000ውን ቀንሶ 6,000 ያስገባል። 15,000፣ 9,000ና 6,000 ሲደመሩ 30,000 ይሆናሉ፤ ይህም የመጨረሻው ዋጋ 15 በመቶ ነው። ነጋዴዎቹ ሰብስበው አስተላለፉ እንጂ ሸክሙ ያረፈው በርጩማውን ቤቱ ወስዶ በተቀመጠበት ሰው ላይ ነው።

አሁን አናጢውን ከሰንሰለቱ አውጪው፤ ለታክሱ ያልተመዘገበ ነው እንበል፣ ሌላ የሽያጭ ታክስንም ለጊዜው እንተወው። እንጨቱን በ115,000 ይገዛል፣ 15,000ውን የሚቀንስበት መንገድ ስለሌለው ወጪ ያደርገዋል፣ የራሱን 60,000 ጨምሮ ለመደብሩ በ175,000 ይሸጣል። መደብሩ የራሱን 40,000 ጨምሮ 215,000 ያደርሰዋል፣ በዚያ ላይ 32,250 ብር ታክስ ይጨምራል። ገዢው የሚከፍለው 247,250 ብር ነው፤ ቀድሞ ግን 230,000 ነበር። መንግሥት በአንድ ሰው ላይ ታክስ ሳይጥል ቀርቶ 17,250 ብር የበለጠ ሰበሰበ ማለት ነው። «ነፃ ማድረግ ማለት ዋጋ ማርከስ ነው» ብሎ የሚያምን የሕግ ምሩቅ ይህንን ስሌት አንድ ጊዜ በእጁ ቢሠራው የአዋጁን ግማሽ ያለ መምህር ይረዳዋል።

የደረሰኝሽም ነገር ከዚሁ ይመነጫል። የገቢ ግብር ደረሰኝ የወጪ ማስረጃ ነው፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ግን በመንግሥት ካዝና ላይ እንደተጻፈ ቼክ ነው። በእጁ የያዘው ሰው «15,000 ብር መልስልኝ ወይም ቀንስልኝ» ይልበታል። ስም የሌለበት ቼክ ደግሞ ማንም ሊመነዝረው ይችላል። በሥራ ዘመኔ ያለ ዕቃ የተቆረጡ ደረሰኞች በክምር አይቻለሁ፤ ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ጥብቅ የሆነበትን ምክንያት እረዳለሁ። ብረቱ ጣሪያው ላይ እየታየ መከልከል ተገቢ ነው ወይ ካልሽኝ ግን፣ በኦዲተርነቴ «ሕጉ ነው» ብዬ እፈርም ነበር፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ደግሞ ያን ያህል እርግጠኛ አልነበርኩም። ለአንቺ ጽሑፍ ይህ ክፍተት ምግብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛ ወሬያችን «ከታክስ ነፃ» የምንለው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አደባልቆ ነው። ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ታክሱ በዜሮ ምጣኔ ይጣልበታል፤ ማለትም በሽያጩ ላይ ምንም አይሰበስብም፣ ለጆንያና ለማሽን የከፈለው ታክስ ግን ይመለስለታል። የግል ክሊኒክ በሌላ በኩል አገልግሎቱ ነፃ ስለሆነ ከታካሚው አይሰበስብም፣ የ1,000,000 ብር ዕቃ ሲገዛ የከፈለው 150,000 ብር ግን እዚያው ይቀራል፣ መጨረሻም በካርድና በምርመራ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ይወጣል። ሁለቱም ደረሰኝ ላይ ታክስ አይታይባቸውም፤ በሕግ ፊት ያላቸው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። በጽሑፍሽ ውስጥ «ነፃ» የሚለውን ቃል በተጠቀምሽ ቁጥር ከሁለቱ የትኛውን እንደሆነ ለራስሽ መልሺ።

ሕንድ የተማረ

ጋሼ ኦዲተሩ ያስቀመጡት ስሌት ለመጀመሪያው ጥያቄም መልስ ይሆናል። «ዕቃና አገልግሎት ታክስ» እና «ተጨማሪ እሴት ታክስ» በመዋቅራቸው አንድ ናቸው፤ በየደረጃው ይሰበሰባሉ፣ የግብዓት ታክስ ይቀናነሳል፣ ሸክሙ ተጠቃሚው ላይ ያርፋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1954 ስትጀምረው በአንድ ስም፣ ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ካናዳ በ1991፣ አውስትራሊያ በ2000 ሲያስገቡት በሌላ ስም ጠሩት። ስለዚህ እህታችን፣ ስሙ አያግድዎትም። የሚያግድዎት የቃላት ልዩነት ነው፤ ለምሳሌ አውስትራሊያውያን «ከታክስ ነፃ» የሚሉት እኛ ዜሮ ምጣኔ የምንለውን ነው፤ እኛ ነፃ የምንለውን ደግሞ «በግብዓቱ ላይ ታክስ የተከፈለበት» ይሉታል። ይህንን ሳያስተውሉ የጻፉ ሰዎች ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ መደምደሚያቸው ሁሉ ተገልብጦ ነበር።

ከጋሼ ጋር የምለያየው በማነጻጸሩ ጉዳይ ላይ ሊሆን ይችላልና ከወዲሁ ልናገር፤ ባልደረባዎ ያስፈራራዎት ያለ አግባብ ነው። ሕንድ ለእኛ የምትጠቅመው በምጣኔዋ አይደለም። ምጣኔዋማ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ 5፣ 12፣ 18 እና 28 በመቶ የነበሩትን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በዋናነት ወደ 5 እና 18 አውርዳ፣ በቅንጦትና በጎጂ ዕቃዎች ላይ 40 በመቶ ጥላለች። የምትጠቅመን በፌዴራልነቷ ነው። ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2017 በፊት ማዕከላዊው መንግሥት ምርትንና አገልግሎትን፣ ክልሎች ደግሞ የዕቃ ሽያጭን ለየብቻ ታክስ ያስከፍሉ ነበር። ይህን ለማዋሐድ ተራ ሕግ ስላልበቃ ሕገ መንግሥቱን ለ101ኛ ጊዜ አሻሻሉ፤ የማዕከሉ ድምፅ አንድ ሦስተኛ፣ የክልሎቹ ሁለት ሦስተኛ የሚመዝንበት፣ ውሳኔውም በሦስት አራተኛ ድምፅ የሚያልፍበት ምክር ቤት አቋቋሙ። በዚህ አቆጣጠር ማዕከሉም ሆነ ክልሎቹ አንዱ ያለ ሌላው ምንም ማሳለፍ አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የሞሂት ሚነራልስን ጉዳይ ሲወስን፣ የምክር ቤቱ የውሳኔ ሐሳቦች የማሳመን ክብደት እንጂ የማስገደድ ኃይል የላቸውም አለ፤ ክርክሩ የተነሣው በባሕር ማጓጓዣ ክፍያ ላይ ከተጣለ ታክስ ነው።

በእኛ በኩል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 96፣ 97 እና 98 «የሽያጭ ታክስ»ን በግብር ከፋዩ ዓይነት ያከፋፍላል፤ ተጨማሪ እሴት ታክስን በስሙ አይጠራውም። በአንቀጽ 99 መሠረት ተለይቶ ያልተሰጠ የታክስ ሥልጣን የሚወሰነው በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ሕንድ ለቋሚ ምክር ቤት የሰጠችውን ነገር እኛ ለአንድ ጊዜ ስብሰባ ሰጠን ማለት ነው። ይህ ርዕስ በደንብ ከተያዘ ጎን ለጎን መገልበጥ አይሆንም።

ሰባተኛው ወንበር

በዚሁ መርሐ ግብር ከእርስዎ አንድ ዓመት ቀድሜ ያለሁ ተማሪ ነኝ። አጭር የተግባር ማስጠንቀቂያ ብቻ ልስጥ። የአዋጆችን ቁጥር ሲፈልጉ የዘመን አቆጣጠሩን ይጠንቀቁ። የመጀመሪያው አዋጅ በአማርኛ 285/1994፣ በእንግሊዝኛው 285/2002 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው የሽያጭ ታክስን ተክቶ ታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ነበር። እርሱን የተካው አዲሱ አዋጅ በአማርኛ 1341/2016፣ በእንግሊዝኛው 1341/2024 ይባላል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ 1341/2016 እና 1341/2024 ሁለት የተለያዩ አዋጆች መስለውት ልዩነታቸውን ለመፈለግ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አጥፍቷል።

ከዚህ የከበደው ነገር፣ በቤተ መጻሕፍት የሚያገኟቸው ጽሑፎችና የሰበር ውሳኔዎች አብዛኛዎቹ የተጻፉት በአሮጌው አዋጅ ላይ መሆኑ ነው። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አዲሱ አዋጅ ድንጋጌውን እንዳለ ወስዶታል ወይስ ቀይሮታል ብለው ማረጋገጥ አለብዎት፤ ለምሳሌ ነዋሪ ያልሆኑ አቅራቢዎች በኢንተርኔት የሚሰጡትን አገልግሎት አዲሱ በግልጽ ይዞታል። ደግሞም ጽሑፋችንን የምናቀርበው በእንግሊዝኛ ቢሆንም በነጋሪት ጋዜጣው ሁለቱ ቋንቋዎች ሲጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 የተደነገገ ነው። ስለዚህ እኔ ሁለት ዓምድ ያለው ደብተር ይዣለሁ። የሕግ ቃሉን በግራ በአማርኛ፣ በቀኝ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፤ የማይገጥሙትን በቀይ አሰምርባቸዋለሁ። የጅማ ነጋዴ ፋይል ብዙውን ጊዜ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ሦስተኛ ዓምድ ለመጨመር ተገድጃለሁ።

ጡረተኛው ኦዲተር

የሕንዱ ተማሪ ቅር አይበልህ፤ የፌዴራሉ ርዕስ ትልቅ ነው፣ ነገር ግን ለሁለተኛ ዲግሪ እጅግ ሰፊ ነው። እርሱን የሚጽፍ ሰው የምክር ቤቶችን ቃለ ጉባኤ፣ የገቢ ክፍፍል ቀመሩን፣ የክልሎችን ሁኔታ መያዝ አለበት። በቅዳሜና እሑድ ለሚማር፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለሚሠራ ሰው ከዚያ ላይ የሚተርፈው ጊዜ መግቢያውን ለመጻፍ እንኳ አይበቃም። እኔ የምመክራት አንድ ግብይት እንድትመርጥ ነው። አንድ ሽያጭ፣ አንድ ውል፣ አንድ ክፍያ ይዛ «በዚህ ላይ ታክስ አለ ወይስ የለም? ካለ በማን ላይ፣ መቼና በስንት ብር ላይ?» ብላ ትጠይቅ። ሕጉ ራሱ መጥቶ ከጥያቄው በኋላ ይሰለፋል።

ሌላም ነገር አለ። የግብር ከፋይ ፋይል አገኛለሁ ብላ እንዳትዘጋጅ። የታክስ መረጃ በሕግ ምስጢር ነው፤ ባለሙያው ቢሰጥሽም ሊጠየቅበት ይችላል። ለሁሉም ክፍት ከሆነ ነገር ጀምሪ።

የሂርማታዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የአናጢውን ስሌት ትናንት ማታ በእጄ ሠራሁት፤ 17,250 ሲወጣልኝ ደስ ያለኝ ልክ እንደ ተማሪ ነው። አንድ ግብይት ምረጪ ባሉኝ መሠረት ሳስብ ውዬ ለሁሉም ክፍት የሆነ አንድ ነገር ታወሰኝ። በሥራዬ ምክንያት በጋዜጣ ላይ የሚወጡ የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያዎችን እከታተላለሁ። መያዣ ሆኖ የተያዘ ቤት፣ የቡና መፈልፈያ ወይም ተሽከርካሪ ሲሸጥ፣ ተጫራቹ የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ (በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) እንዲያስይዝ፣ ካሸነፈ ቀሪውን በ15 ቀናት ውስጥ እንዲከፍል፣ ካልከፈለ ያስያዘው ገንዘብ እንደማይመለስለት፣ ከዚህም በላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ በገዢው እንደሚከፈል የሚገልጹ ማስታወቂያዎች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ታክሱን በተመለከተ ሊጻፍበት የሚችል ነገር ይኖር ይሆን?

የሕግ መምህር

የተከበሩ ጠያቂ፣ ውይይቱን ከዳር ሆኜ ስከታተል ቆይቻለሁ፤ አሁን ባነሡት ነገር ላይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። በማስታወቂያው ውስጥ ሁለት ርዕሶች ተኝተዋል፤ አንደኛው በሚገባ የታረሰ ነው፣ ሁለተኛው ገና ዳዋ ነው።

የታረሰው ሽያጩን የሚመለከተው ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ለባለዕዳው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የፋይናንስ አገልግሎት ደግሞ በአሮጌው አዋጅ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነበር። ታዲያ የመያዣ ሽያጭ ብድርን የማስመለስ አካል ስለሆነ ነፃነቱ ይሸፍነዋል? ወይስ መፈልፈያ ማሽን ያው ማሽን ስለሆነ እንደማንኛውም ዕቃ ይታያል? ሻጩስ ማን ነው፣ መዶሻውን የመታው ባንክ ወይስ ስሙ በባለቤትነት የተመዘገበው ባለዕዳ? ባለዕዳው ለታክሱ ያልተመዘገበ የመኖሪያ ቤት ባለቤት ቢሆንስ? በዚህ ላይ በአገራችን ብዙ ተከራክረናል፣ ብዙም ተጽፏል። አዲሱ አዋጅ የለወጠው ነገር ካለ መመርመር ይቻላል፤ ነገር ግን በሰው ማሳ ላይ እንደሚዘሩ ይወቁት።

ዳዋው በሲፒኦ የተያዘው ገንዘብ ነው። አሸናፊው በ15 ቀን ውስጥ ሳይከፍል ቀረ፤ ያስያዘው 1,000,000 ብር ተወረሰ። ንብረቱ አልተላለፈም፤ ታዲያ በተወረሰው ገንዘብ ላይ ታክስ አለ? ታክስ አለበት ካልን፣ ገንዘቡ ታክስን ያካተተ ነው ብለን ብናሰላ 1,000,000 በ15 ተባዝቶ ለ115 ሲካፈል 130,434.78 ብር ይሆናል። (በ15 በመቶ አባዝተው 150,000 የሚሉ ጠበቆች አጋጥመውኛልና ይጠንቀቁ።)

ሌሎች አገሮች በዚህ ላይ ተለያይተዋል፤ የማነጻጸር ጥቅሙም የሚታየው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። በአውስትራሊያ የሪላየንስ ካርፔት ጉዳይ ላይ፣ በ2,975,000 ዶላር ሕንፃ ለመግዛት የተዋዋለ ሰው 297,500 ዶላር መያዣ ከፍሎ ውሉን ሳይፈጽም ቀረ፣ ሻጩም መያዣውን ወረሰ። የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 መያዣው የታክስ ግዴታ አለበት አለ፤ ሻጩ ንብረቱን ለመሸጥ ግዴታ መግባቱ ራሱ አቅርቦት ነው፣ የተወረሰውም ገንዘብ ለዚያ የተከፈለ ነው የሚል አካሄድ ነበረው። በዚያው መንፈስ እ.ኤ.አ. በ2012 ትኬት ቆርጠው ሳይሳፈሩ በቀሩ መንገደኞች ክፍያ ላይ ኳንታስ አየር መንገድ ታክስ እንዲከፍል ወሰነ።

የአውሮፓ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 18 ቀን 2007 የአንድ የፈረንሳይ ፍል ውኃ ማረፊያ ጉዳይ ሲመለከት በተቃራኒው ወሰነ። እንግዳው ክፍል ለመያዝ የከፈለው፣ ሲቀር የሚወረስበት ገንዘብ ለተሰጠ አገልግሎት የተከፈለ ዋጋ ሳይሆን ውል በመቅረቱ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ካሣ ነው፣ ስለዚህ ታክስ የለበትም አለ። ያ ገንዘብ በፈረንሳይ ሕግ የተለየ ጠባይ ነበረው፤ ከፋዩ ከውሉ ሲወጣ ይወረስበታል፣ ተቀባዩ ከውሉ ሲወጣ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል።

እዚህ ላይ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ይግለጡ። አንቀጽ 1885 ስለ ቀብድ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ቀብድ ሰጪው ውሉን ሲያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ሲያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የሕጉ አርቃቂ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ስለነበሩ መመሳሰሉ የሚያስገርም አይደለም። እንግዲህ የታክስ አዋጃችን የቃላት አደረጃጀት ወደ አውስትራሊያው ሊያዘነብል ይችላል፣ የውል ሕጋችን ደግሞ ከፈረንሳዩ የመጣ ነው፤ የጅማው ሐራጅ በሁለቱ መካከል ቆሟል። አዋጁ ታክስ የሚከፈልበትን አቅርቦትና ለአቅርቦቱ የሚከፈለውን ዋጋ የሚተረጉምባቸውን ድንጋጌዎች በአማርኛው ቃል በቃል ይመርምሩ፤ ክርክሩ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ጥንቃቄም አለኝ። በሐራጅ የሚያዝ ሲፒኦ ቀብድ ነው ብሎ ከወዲሁ መደምደም አይገባም። ቀብድ በውል ይሰጣል፤ ሲፒኦው ግን የሚያዘው ማን እንደሚያሸንፍ ሳይታወቅ፣ ከውሉ በፊት ነው። ከተሸነፈ ይመለስለታል፤ ካሸነፈ የዋጋው አካል ይሆናል። የመጀመሪያው ምዕራፍዎ ይህንን ጠባይ ብቻ ለይቶ ቢያስቀምጥ እንኳ ጥሩ ሥራ ነው።

ሕንድ የተማረ

ተረታሁ። ፌዴራሉን ርዕስ ለሦስተኛ ዲግሪ አስቀምጡልኝ።

ጡረተኛው ኦዲተር

መምህሩ የተናገሩት አስደስቶኛል፤ ከተግባር በኩል ግን አንድ ጥያቄ ልጨምርባቸው። የተወረሰው 1,000,000 ብር የማን ገቢ ነው? ባንኩ ለራሱ ይይዘዋል ወይስ ከባለዕዳው ዕዳ ላይ ይቀንሰዋል? ከዕዳው ላይ ከተቀነሰ ተጠቃሚው ባለዕዳው ነው፤ ታክስ አለ ከተባለም ደረሰኝ የሚቆርጠው ማን እንደሆነ ግራ ያጋባል። ለቀረው ተጫራች «የታክስ ደረሰኝህን ና ውሰድ» የሚል ባንክ እኔ አላየሁም። ደረሰኝ ካልተቆረጠለት ደግሞ፣ ተጫራቹ የተመዘገበ ነጋዴ ቢሆን እንኳ ታክሱን ሊያቀናንስ አይችልም። ተመልከቺ ልጄ፣ ዞሮ ዞሮ ወደዚያች ስም ወደጎደላት ደረሰኝሽ ተመለስን።

የሂርማታዋ (ጠያቂ)

ይህን ካነበብኩ በኋላ ቢሮ ውስጥ የተከማቹትን የቆዩ ጋዜጦች ወርጄ አየኋቸው፤ ከወለል እስከ ጉልበቴ ይደርሳሉ። ሰኞ ለአማካሪዬ የማቀርበው የአንድ ገጽ ሐሳብ «በሐራጅ ሽያጭ የተወረሰ የተጫራች መያዣ ገንዘብና ተጨማሪ እሴት ታክስ» የሚል ይሆናል። የአንቀጽ 1885ን ነገር ለዋናው ጽሑፍ አቆየዋለሁ ወይስ ከመጀመሪያው ላንሣው?

የሕግ መምህር

ከመጀመሪያው ያንሡት። አማካሪዎ ርዕሱን የሚቀበሉት ወይም የሚጥሉት በእርሱ ነው።

ጡረተኛው ኦዲተር

ማስታወቂያዎቹን ስትሰበስቢ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ስጪው፤ የንብረቱ ዓይነት፣ የመነሻ ዋጋው፣ የሚያዘው ገንዘብ፣ የመክፈያው ቀን። «ታክስን ጨምሮ» ይላል ወይስ «ታክስን ሳይጨምር» የሚለውን ግን በተለየ ዓምድ አስፍሪው፤ ምንም የማይሉትንም ባዶ አትተዪአቸው፣ «አይገልጽም» ብለሽ ጻፊ። 15ን ለ115 የምታካፍዪበት ቦታ እዚያ ነውና።